ሳባ ሰባ አይደለም፦ ለአማርኛ ተናጋሪ ስዋሂሊኛ የቱ ላይ ይቀላል፣ የቱ ላይ ያዳልጣል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ከሁለት ወር በኋላ ዳሬሰላም ወደብ ላይ በጭነት አስተላላፊነት ሥራ ልጀምር ነው። አፍ መፍቻዬ አማርኛ ነው፤ ዱባይ ስሠራ የለመድኩት የገበያ ዐረብኛም አለኝ። ስዋሂሊኛ ግማሹ ዐረብኛ ነው፣ ሰዓት አቆጣጠሩም እንደኛ ነው ይሉኛል። እውነት ቶሎ እለምደዋለሁ? ከምን ልጀምር? የኬንያውን ልማር የታንዛኒያውን? ደግሞስ ስዋሂሊ የሚባል ሕዝብ አለ ወይስ የቋንቋ ስም ብቻ ነው?»

ቶሎ ይለምዱታል። ምክንያቱ ግን የነገሩዎት አይደለም። ዐረብኛዎ ካሰቡት ያነሰ ነው የሚያግዝዎት። የሰዓቱ ነገር እውነት ነው፤ እሱ ግን የአንድ ቀን ትምህርት ነው። ትልቁ ስንቅዎ የአማርኛ ግስ ማርባት የለመደው ጆሮዎ ነው። ዳገቱ ደግሞ የስሞች ምድብ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ካልያዙት በኋላ ማቃናቱ ይከብዳል።

በቅድሚያ ስለ አጻጻፍና ድምፅ። እዚህ ቃላቱን በፊደላችን የምጽፈው ለንባብ እንዲመች ብቻ ነው፤ እርስዎ ደብተርዎ ላይ በላቲን ይጻፉ። ስዋሂሊኛ አናባቢው አምስት ነው፦ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ። የግዕዙ የ«ከ» ድምፅ የለም፤ የሳድሱ «እ»ም የለም። ስለዚህ «ምቶቶ» (ልጅ) የሚለውን «እምቶቶ» አያድርጉት። ከንፈርዎን ገጥመው «ም»ን እንደ አንድ ሙሉ ክፍለ ቃል ይያዟት፣ ከዚያ ወደ «ቶቶ» ይለፉ፤ ባጠቃላይ ሦስት ክፍለ ቃል ነው። ጫናው ከጥቂት ቃላት በቀር ሁልጊዜ ከመጨረሻው በፊት ባለው ክፍል ላይ ያርፋል። ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ የሉም። «ካላሙ»ን «ቀለሙ» ብለው ቢጠሩት ይረዱዎታል፤ ከየት እንደመጡ ግን ያኔውኑ ይታወቃል። «ኝ» ሌላውን ሲያስቸግር ለእኛ ቀላል ነው፦ «ኙምባ» ቤት፣ «ኛማ» ሥጋ። አንድ የሚያስቸግር ድምፅ አለ፤ የላም ስም መጀመሪያ ላይ ያለው። «አንገት» ሲሉ ከ«ገ» በፊት የምትሰማውን ን ያስተውሏት፤ በጉሮሮ በኩል የምትወጣ ናት። «ገ»ን ሳይጨምሩ እሷን ብቻ አስቀርተው «ኦምቤ» ይበሉ፤ ላም ሆነ።

አሁን ወደ «ግማሹ ዐረብኛ»። ስዋሂሊኛ የባንቱ ቋንቋ ነው፤ ዘመዶቹ ኪኩዩ፣ ሊንጋላ፣ ዙሉ ናቸው። የዐረብኛ ቃል በብዛት ገብቶበታል፣ በዋናነት በንግድ፣ በሃይማኖትና በሕግ በኩል። ነገር ግን የገባው ሁሉ በባለቤቱ ሕግ ነው የሚተዳደረው። ሚስማርን እንውሰድ። በዐረብኛም በአማርኛም ያው ሚስማር ነው። ስዋሂሊኛ ተቀብሎ «ምሱማሪ» አለው፤ ቀጥሎ መጀመሪያ ላይ ያለችውን «ም» እንደ ራሱ ቅጥያ ቆጠራትና ብዙ ቁጥሩን «ሚሱማሪ» አደረገው። መጽሐፍም «ኪታቡ» ተብሎ ገባ፤ «ኪ» የቃሉ ሥር መሆኗ ተረሳና ሲበዛ «ቪታቡ» ሆነ። ዐረብ ቢሰማው መጽሐፍ መሆኑን አይጠረጥርም። ክብሪትም አላመለጠችም፦ «ኪቤሪቲ»፣ ሲበዛ «ቪቤሪቲ»።

የሚመሳሰሉ ቃላት ላይ ደግሞ ወጥመድ አለ፤ በተለይ ቁጥር ላይ፣ እርስዎም የሚሠሩት በቁጥር ነው። «ሳባ» ሰባት ነው። ሰባ «ሳቢኒ» ነው። ጆሮዎ ለ30 ዓመት «ሰባ» ሲባል 70 ብሎ ለምዷል፤ ሲደክምዎት የሚሳሳቱት እዚህ ነው። «ሲታ» ስድስት፣ «ሲቲኒ» ስልሳ። «ኤልፉ» አንድ ሺህ ነው፤ የእኛ እልፍ ግን አሥር ሺህ። «ላኪ» ከሕንድ የመጣ ቃል ሲሆን 100 ሺህ ነው፤ በታንዛኒያ ሽልንግ ሲነግዱ በየቀኑ ይሰሙታል። ከቁጥር ውጪም አለ፦ «ካላሙ» ብዕር ነው፤ ቀለም አይደለም። «ኪታቡ» አንገት ላይ የሚንጠለጠል ክታብ አይደለም። «ሶኮ» ገበያው በሙሉ ነው፤ ሱቅ ከፈለጉ «ዱካ» ይበሉ። «ቤንዴራ»ን ግን ሳይጠራጠሩ ይያዙት፤ ባንዲራ ነው። እነሱ ከፖርቱጋሎች፣ እኛ ከጣሊያኖች ወስደነው ተገናኘን።

የቁጥሩ ቅደም ተከተልም ከእኛ ይገለበጣል። እኛ «አምስት መቶ» ስንል እነሱ «ሚያ ታኖ» ይላሉ፤ መቶ አምስት የሚመስለው 500 ነው። 105 ከሆነ መሐል ላይ «ና» ይገባል፦ «ሚያ ና ታኖ»። በአንዲት «ና» ምክንያት 395 ካርቶን ይጎድላል ወይም ይተርፋል። 2,500 «ኤልፉ ምቢሊ ና ሚያ ታኖ» ነው። በዚህ ላይ አንዳንዱ ቁጥር ከስሙ ጋር ይስማማል፣ አንዳንዱ አይስማማም። ከ1 እስከ 5 ያሉትና 8 የባንቱ ናቸው፣ ቅጥያ ይቀበላሉ፦ «ዋቱ ዋታኖ» አምስት ሰዎች፣ «ዋቱ ዋናኔ» ስምንት ሰዎች። 6፣ 7 እና 9 የዐረብ ናቸው፣ እንዳሉ ይቀመጣሉ፦ «ዋቱ ሲታ»፣ «ዋቱ ሳባ»፣ «ዋቱ ቲሳ»። አሥር («ኩሚ») የባንቱ ሆኖ ሳለ አይስማማም፤ ለምን ብለው አይጨነቁ፣ ይያዙት።

እንግዲህ ዳገቱ። ስዋሂሊኛ ወንድና ሴት ጾታ የለውም፤ «አናኩጃ» ይመጣልም ትመጣለችም ነው። በምትኩ ስሞች በምድብ ተከፍለዋል፣ የስሙ ምድብም በቅጽሉ፣ በቁጥሩና በግሱ ላይ ይታተማል። «ኪታቡ ኪሞጃ ኪኩብዋ ኪሜአንጉካ» ማለት «አንድ ትልቅ መጽሐፍ ወድቋል» ነው። ሁለት ሲሆን «ቪታቡ ቪዊሊ ቪኩብዋ ቪሜአንጉካ»። ሚስማር ከሆነ ደግሞ «ምሱማሪ ምሞጃ ምኩብዋ ኡሜአንጉካ»፣ ሲበዛ «ሚሱማሪ ሚዊሊ ሚኩብዋ ኢሜአንጉካ»። እዚህ ላይ ያስተውሉ፦ ቅጽሉ «ም» ይዞ ግሱ «ኡ» ይዟል። ብዙ ተማሪ ስሙና ግሱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ፊደል የሚይዙ መስሎት የሚሰናከለው በዚህ ነው፤ የ«ኪ/ቪ» ምድብ በጣም ቀና ስለሆነ አታሎት።

የሰዋስው መጻሕፍት ነጠላውንና ብዙውን ለየብቻ ቆጥረው ቁጥሩን እስከ 18 ያደርሱታል። አይደንግጡ፤ ለሥራ ስድስት ጥንድ ይበቃዎታል። ሰው «ም/ዋ»፦ «ምቱ፣ ዋቱ»። ዛፍና ብዙ ዕቃ «ም/ሚ»፦ «ምዚጎ፣ ሚዚጎ» ጭነት፣ ጭነቶች። «ኪ/ቪ» አይተናል። ቅጥያ የሌለው ነጠላ በ«ማ» የሚበዛ፦ «ጋሪ፣ ማጋሪ» መኪና፣ መኪኖች። «ኮንቴና፣ ማኮንቴና»ም እዚህ ነው። አምስተኛው ነጠላውም ብዙውም አንድ የሆነው ነው፤ «ኙምባ» አንድም ብዙም ቤት። ዐረብኛዎ ከሁሉ የሚጠቅምዎት እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም «ሳአ»፣ «ሃባሪ»፣ «ቤይ» (ዋጋ)፣ «ሳፋሪ» የመሳሰሉት መጤዎች አብዛኞቹ እዚህ ገብተው ሳይለወጡ ይኖራሉ። ስድስተኛው የ«ኡ» ምድብ ነው፤ «ኡኩታ» ግድግዳ፣ «ኩታ» ግድግዳዎች። እሱን ወደ ኋላ ይተዉት።

አንድ ማምለጫ አለ። ነፍስ ያለው ነገር፣ ስሙ የትኛውንም ምድብ ቢመስል፣ ስምምነቱ የሰው ነው። ወጣት «ኪጃና» ይባላል፣ መልኩ የ«ኪ» ነው፤ ጥሩ ወጣት ግን «ኪጃና ምዙሪ» እንጂ «ኪጃና ኪዙሪ» አይደለም። ጉማሬውም («ኪቦኮ») እንደ ሰው ይከበራል። ከዚህ የሚያፈነግጠው የአንዳንድ ወዳጅና ቤተሰብ መጠሪያ አገናዛቢ («የእኔ» የሚለው) ነው፦ «ራፊኪ ያንጉ» (ጓደኛዬ)፣ «ማማ ያንጉ» (እናቴ)።

ማጥኛው መንገድ አንድ ነው። ስምን ለብቻው አይሸምድዱ። በቀን ስምንት ስም፣ እያንዳንዱ ከነብዙ ቁጥሩና ከ«ኩብዋ» (ትልቅ) ጋር፦ «ምዚጎ ምኩብዋ፣ ሚዚጎ ሚኩብዋ»። ድምፅዎን አውጥተው። በሰንጠረዥ ያጠና ሰው ፈተና ያልፋል፤ ወደብ ላይ ሲያናግሩት ግን ሰንጠረዡን በሐሳቡ ሲፈልግ ጭነቱ ይሄዳል።

ግሱ ጋ ሲደርሱ ደስ ይበልዎት። «አናኒፒኪያ» የሚለውን ይፍቱት፦ «አ» እሱ ወይም እሷ፣ «ና» አሁን፣ «ኒ» እኔን፣ «ፒክ» ማብሰል፣ «ኢ» ለ፣ መጨረሻው «አ» መዝጊያ። ሲገጣጠም «ያበስልልኛል»። የእኛ «ል» እና የእነሱ «ኢ» ሥራቸው አንድ ነው፤ «ኝ»ም ከ«ኒ» ጋር ጥንድ ነው። ሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ወር የሚፈጅበትን እርስዎ ከምሳ በፊት ይጨርሱታል።

ጊዜውም እንዲሁ። «አሊኩጃ» መጣ፣ «አሜኩጃ» መጥቷል። የሁለቱ ልዩነት ከእኛ ልዩነት ጋር ይገጥማል፤ ስሜትና ሁኔታ ላይ ደግሞ ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ደክሞኛል» ስንል «ኒሜቾካ» ይላሉ፤ «ገብቶኛል» «ኒሜኤሌዋ»፤ «ጠግቤአለሁ» «ኒሜሺባ»፤ «ተኝቷል» «አሜላላ»። በሁሉም ላይ «ሜ» አለች። በአማርኛ ያስቡና ይተርጉሙ፣ አያሳፍርዎትም። «ሎሪ ሊሜኩጃ?» (ጭነት መኪናው መጥቷል?) ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «ባዶ» ከሆነ አይደናገጡ፤ ባዶውን መጥቷል ማለት አይደለም፣ «ገና» ማለት ነው። ይህችን አስቀድመው ካላወቁ መኪናውን በር ላይ ይፈልጉታል።

ተከታታይ ድርጊት ላይ ብቻ አቅጣጫው ይዞራል። «ሹፌሩ መጥቶ፣ ጭነቱን አራግፎ ሄደ» ስንል ጊዜውን የሚነግረን የመጨረሻው ግስ ነው። እነሱ መጀመሪያው ላይ ጊዜውን ተናግረው ተከታዮቹን በ«ካ» ይጎትቷቸዋል፦ «ዴሬቫ አሊኩጃ፣ አካፓኩዋ ምዚጎ፣ አካኦንዶካ»። ግሱም መጨረሻ ላይ አይቀመጥም፤ አድራጊ፣ ግስ፣ ተደራጊ ነው። ቅጽሉ ከስሙ በኋላ ይመጣል፤ «የልጁ መጽሐፍ»ም ተገልብጦ «ኪታቡ ቻ ምቶቶ» ነው።

አሉታ ላይ ሁለት ስህተት በብዛት ይታያል። የአሁን ጊዜ አሉታ መጨረሻው «አ» ወደ «ኢ» ይለወጣል፦ «ናታካ» እፈልጋለሁ፣ «ሲታኪ» አልፈልግም። «ሲታካ» ማለት ስህተት ነው። ኃላፊው ግን «አ»ውን ይመልሳል፦ «ሲኩታካ» አልፈለግሁም። ሁለተኛው «ነው»ን ሁሉ ቦታ «ኒ» እያሉ መተርጎም ነው። ማንነት ሲሆን «ኒ» ልክ ነው፤ ቦታ ሲሆን ግን ምድቡን የያዘ «ኮ» ያስፈልጋል። «መጽሐፉ የት ነው?» «ኪታቡ ኪኮ ዋፒ?» ነው፤ «ጭነቱ የት ነው?» ደግሞ «ምዚጎ ኡኮ ዋፒ?»

ወደብ ላይ ስለሚሠሩ አንዲት አናባቢ ልብ ይበሉ። «ፉንጋ» ዝጋ፣ «ፉንጉዋ» ክፈት። «ፓኪያ» ጫን፣ «ፓኩዋ» አራግፍ። «ኡ» ስትገባ ድርጊቱ ይገለበጣል። «ምዚጎ ኡሜፓኪዋ» ጭነቱ ተጭኗል፤ «ምዚጎ ኡሜፓኩሊዋ» ተራግፏል። በስልክ ሲሰሙ አንዴ አስደግመው ያረጋግጡ።

ሰዓቱ በትክክል የእኛ ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለው አንድ ሰዓት «ሳአ ሞጃ አሱቡሂ»፣ እኩለ ቀን «ሳአ ሲታ ምቻና»፣ እኩለ ሌሊት «ሳአ ሲታ ኡሲኩ»። ሩብ «ሮቦ»፣ ሩብ ጉዳይ «ካሶሮ ሮቦ»። ወረቀቱ ላይ 14:30 የተጻፈው በአፍ «ሳአ ናኔ ና ኑሱ» ነው፣ ስምንት ተኩል። ሰውየው ወደ እንግሊዝኛ ከዞረ ግን ሰዓቱም ይዞራል፤ ቀጠሮ ሲይዙ በየትኛው ቋንቋ እንደተነገረ ያስታውሱ። የቀን መቁጠሪያው የፈረንጅ ነው።

ሳምንቱ ይበልጥ ያደናግራል። ቅዳሜ «ጁማሞሲ»፣ እሑድ «ጁማፒሊ»፣ ሰኞ «ጁማታቱ» ነው። «ታቱ» ሦስት ነው፤ ቆጠራው ከቅዳሜ ስለሚጀምር ሰኞ ሦስተኛ ሆነ። ማክሰኞ «ጁማኔ» አራተኛ፣ ረቡዕ «ጁማታኖ» አምስተኛ። እኛ ረቡዕን ከአራት ጋር ስለምናያይዝ እዚህ አንድ ቀን እንስታለን። ቀጥሎ ሐሙስ የዐረብኛ ስሙን ይዞ «አልሃሚሲ» ይሆናል፤ ትርጉሙ እንደገና አምስተኛ ነው። በአንድ ሳምንት ሁለት አምስተኛ ቀን ማለት ነው፣ አንዱ የባንቱ አንዱ የዐረብ። ዓርብ «ኢጁማ» ነው።

አክብሮት ላይ እንደ «እርስዎ» ያለ መደብ የለም። ታላቅን የሚያከብሩት በሰላምታ ነው፦ «ሺካሞ» ይላል ታናሽ፣ «ማራሃባ» ይመልሳል ታላቅ። ታንዛኒያ ውስጥ ይህን መዝለል ነውር ነው፤ ዘበኛውም ቢሆን ዕድሜው ከገፋ ይገባዋል። «ጃምቦ» የቱሪስት ነው። ዕቃ ሲጠይቁ «ናታካ» (እፈልጋለሁ) ሻካራ ነው፤ «ናኦምባ» (እለምናለሁ) ይበሉ። ደጅ ደርሰው «ቤቶች!» እንደምንለው «ሆዲ!» ይበሉ፣ «ካሪቡ» እስኪሉ ይጠብቁ። የሚበላ ሰው «ካሪቡ» ካለዎት የእኛው «እንብላ» ነው። የሚሠራ ሰው አጠገብ ሲያልፉ «ፖሌ ና ካዚ» ይበሉ፤ «በርቱ» እንደማለት ነው።

የኬንያ ወይስ የታንዛኒያ? ዳሬሰላም ከሆነ ጥያቄ የለውም። መደበኛው ስዋሂሊኛ ራሱ የዛንዚባር ከተማን ዘዬ፣ ኪኡንጉጃን፣ መሠረት ያደረገ ነው፤ በ1928 ሞምባሳ ላይ በተደረገ ጉባኤ ነው የተመረጠው። ናይሮቢ ላይ ወጣቱ ሼንግ ይናገራል፣ ስዋሂሊኛና እንግሊዝኛ ከሌሎች የአገሩ ቋንቋዎች ጋር የተቀላቀለበት፤ ምድቡንም ብዙ ጊዜ ይጥሰዋል። መጀመሪያ ሼንግ የለመደ ሰው ዳሬሰላም ላይ ስድ ይመስላል፤ መደበኛውን የለመደ ግን ናይሮቢ ላይ ቢበዛ እንደ መምህር ነው የሚቆጠረው። የቃል ልዩነትም አለ፦ የከተማ ሚኒባስ ናይሮቢ ላይ «ማታቱ»፣ ዳሬሰላም ላይ «ዳላዳላ» ነው። ገንዘብ በሁለቱም «ፔሳ» ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ኤም-ፔሳ ብለን የምንጠራት እሷው ናት። ታንዛኒያ ውስጥ ግን «ሄላ» በብዛት ይሰማሉ፤ ከጀርመን ዘመን ሳንቲም የቀረ ስም ነው።

ሕዝቡስ? አለ። ስሙ ከዐረብኛው «ሳዋሂል»፣ ጠረፎች፣ የመጣ ነው። ላሙ፣ ፓቴ፣ ሞምባሳ፣ ፔምባ፣ ዛንዚባርና ኪልዋ የነባሮቹ ስዋሂሊዎች ከተሞችና ደሴቶች ናቸው፤ በሶማሊያ ባራዋ እንኳ ቺምዊኒ የሚባል የዚሁ ዘመድ ይነገራል። ሕይወታቸው በሁለት ነፋስ የተመራ ነበር፦ «ካስካዚ» ከሰሜን ምሥራቅ ነፍሶ የዐረብን ጀልባ ያመጣል፣ «ኩሲ» ከደቡብ ነፍሶ ይመልሰዋል። ነጋዴው ነፋሱ እስኪዞር ወራት ይቀመጣል፣ ያገባል፣ ይወልዳል። ኢብን ባጡታ በ1331 ኪልዋን ሲያያት የራሷን ሳንቲም የምታወጣ ከተማ ነበረች። ወደ መሐል አገር ቋንቋውን የወሰዱት ደግሞ እስከ ታቦራና ኡጂጂ፣ ከዚያም እስከ ምሥራቅ ኮንጎ የዘለቁ ሲራራ ነጋዴዎች ናቸው። ዳሬሰላም ላይ የሚያገኙት ሰው ግን ከሌላ የታንዛኒያ ብሔረሰብ፣ ሱኩማ ወይም ቻጋ ወይም ሃያ፣ ሊሆን ይችላል፣ ስዋሂሊኛው የተባ ቢሆንም። «ምስዋሂሊ ነህ?» ብለው አይጠይቁ። ቃሉ በከተማው አነጋገር ብልጣብልጥ፣ ቃሉን የማይጠብቅ የሚል ትርጉምም አለው፤ «ኡስዋሂሊኒ»ም ያለ ፕላን የተሠራ የድሃ ሰፈር ነው። ከየት አካባቢ እንደሆነ ይጠይቁ፣ ይበቃል።

ሁለቱን ወር እንዲህ ይከፋፍሉት። የመጀመሪያው ሳምንት ድምፅ፣ ሰላምታ፣ ቁጥር እስከ መቶ እና ሰዓት። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው 40 ግስ በአራት ጊዜ (ና፣ ሊ፣ የወደፊቱ ታ፣ ሜ)፣ ከነአሉታው። ስሞቹ በቀን ስምንት እየሆኑ ከመጀመሪያው ቀን አብረው ይሂዱ፤ በስድስት ሳምንት ከ300 በላይ ይሆናሉ። ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ በቀን 20 ደቂቃ የታንዛኒያ ሬዲዮ ዜና ያዳምጡ፤ ባይገባዎትም ቅጥያዎቹን ይቁጠሩ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ለሥራዎ ቋንቋ ይተዉ፦ «ፎሮዳ» ጉምሩክ፣ «ኡሹሩ» ቀረጥ፣ «ባንዳሪ» ወደብ፣ «ሪሲቲ» ደረሰኝ። ከእነዚህ ጋር በየቀኑ አሥር የኮንቴነር ቁጥር ጮክ ብለው ያንብቡ። አንድ ኮንቴነር አራት ፊደልና ሰባት አኃዝ አለው፤ አኃዞቹን አንድ በአንድ ይጥሯቸው፣ ዜሮ «ሲፉሪ» ነው። 7 ላይ ሲደርሱ «ሳባ»፣ 70 ብለው ለማጠቃለል እንዳይሞክሩ።